የምድር መናወጥ ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃልን?

 

በዚህ ዕትም የምንነጋገረው የብዙዎቻችሁን እንቅልፍ ስለሚነሣ ጉዳይ ነው። የቀኑ ሥራ አልቆ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ አንቺም ጎንሽን ልታሳርፊ ስትይ በስልክሽ መልእክት ይገባል። «ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ የውጭ አገር ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል፤ ለምትወጃቸው ሁሉ ቶሎ አስተላልፊ» ይላል። የቤቱ በር ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ማዳም ዘንድ ነው። አንቺም ልብሽ እየመታ ወደ አገር ቤት ትደውያለሽ፤ እናትሽን ከእንቅልፏ ትቀሰቅሻለሽ፤ እርሷም ደግሞ ጎረቤቷን ትቀሰቅሳለች። ሌሊቱ ይነጋል፤ ምንም አልሆነም። አንቺ ግን ሳትተኚ የማዳምን ቁርስ ለማቅረብ ትነሻለሽ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላ መልእክት ይመጣል።

ታዲያ እውነት የምድር መናወጥ አስቀድሞ ይታወቃል? መልሱን በአጭሩ ልንገርሽ። ቦታው በብዙ ይታወቃል፤ በስንት ዘመን አንድ ጊዜ ሊመጣ እንደሚችልም በግምት ይታወቃል። ቀኑንና ሰዓቱን ግን እስከ ዛሬ ለይቶ የሚያውቅ ሳይንቲስት የለም። የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለይተሽ ካወቅሽ ከሁለት ክፉ ነገር ትድኛለሽ፤ ከከንቱ ፍርሃትና ከከንቱ መዘናጋት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ሲሆን በእኛም ጨምሬአለሁ።)

ምድር ለምን ትናወጣለች?

ከፍሪጁ ጀርባ ለመጥረግ ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ? ትገፊዋለሽ፤ አይነቃነቅም። ጨምረሽ ትገፊዋለሽ፤ አሁንም አይነቃነቅም። ከዚያ በድንገት ሸርተት ይልና በላዩ ያለው ዕቃ ሁሉ ይንቀጫቀጫል። እየገፋሽው ስለሆነ አንድ ጊዜ እንደሚንሸራተት ታውቂያለሽ፤ በስንተኛው ግፊት እንደሚንሸራተት ግን አታውቂም። ምድርም እንዲሁ ናት። የምድር ቅርፊት በታላላቅ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው፤ ገበታዎቹ በየዓመቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሄዳሉ። ዳርና ዳራቸው ግን ተናክሶ ይያዛል፤ ግፊቱ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለብዙ መቶ ዓመታት ይጠራቀምና በድንገት ሲለቀቅ ምድር ትናወጣለች።

አንቺ ያለሽበት ጅዳና መካ፣ እናትሽ ያለችበት ኢትዮጵያም በዚህ ነገር ዘመዳሞች ናቸው። የዓረቢያ ምድርና የአፍሪካ ምድር ጥንት አንድ ነበሩ። ዛሬ እየተለያዩ ነው፤ በመካከላቸው የተከፈተው ስፍራ ቀይ ባሕር ሆኗል። ባሕሩ አሁንም በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስንጥቁ በአፋር በኩል ከእኛ ስምጥ ሸለቆ ጋር ይገናኛል፤ በሰሜን ደግሞ እስከ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። በመካከል ያለው ባሕር እናትሽን ከአንቺ ቢለይም፣ የሁለታችሁንም ምድር የሚነቀንቀው ይኸው አንድ ስንጥቅ ነው።

የጥንቱ መዝገብ ምን ይላል?

ተመራማሪዎች ስለ ወደፊቱ ለመናገር አስቀድመው ያለፈውን ይመረምራሉ። ነቢዩ አሞጽ መጽሐፉን ሲጀምር ዘመኑን የሚያስታውቀው በዖዝያን ዘመን ከሆነው የምድር መናወጥ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መሆኑን በመናገር ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ቀን ስለማይረሳ ይጽፈዋል፤ የተጻፈውም ለኋለኛው ትውልድ ይጠቅማል።

በአገራችን ይህን መዝገብ የሰበሰቡት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዊን ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር መናወጥ መለኪያ ጣቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የመሣሪያውን ንባብ አንድ ላይ አድርገው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የምድር መናወጥ ታሪክ በ1979 አሳትመዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለችው ካራቆሬ በ1961 (በእኛ በ1953 ዓ.ም.) ለወራት መናወጧ፣ በአጠገቧም የማጀቴ ቤቶች መፍረሳቸው በዚሁ መዝገብ ይገኛል። ለዓረቢያና ለቀይ ባሕር ደግሞ ተመሳሳይ መዝገብ በ1994 ታትሟል፤ አዘጋጆቹ የዓረብ ጸሐፊዎች በየዘመናቱ የጻፉትን መርምረው ያወጡት ነው።

ከእነዚህ መዝገቦች የምንማረው ብዙ ነው። ከመዲና በስተ ደቡብ ወደ መካ አቅጣጫ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ ሐራት ራሃት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ አለ። በ1256 በመዲና አጠገብ ምድር ለቀናት ከተናወጠች በኋላ እሳት ፈንድቶ 52 ቀን ያህል ቀለጠ። በሰሜን ደግሞ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኅዳር 22 ቀን 1995 በመለኪያው ከ7 በላይ የሆነ መናወጥ ደርሷል። በጅዳና በመካ ከባድ መናወጥ እንደ ቱርክና እንደ ኢራን የበዛ አይደለም፤ ነገር ግን ምድሩ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ነው ማለት አይቻልም። መዝገቡ የሚለው ይህን ያህል ነው፤ «በዚህ ሌሊት» አይልም።

ትንቢቱን የሞከሩት ምን ገጠማቸው?

«ያለፈው እየተደጋገመ ከሆነ ቀጣዩን ቀን መቁጠር ይቻል ይሆናል» ብለው የሞከሩ ታላላቅ ሊቃውንት አሉ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚያ ተመሳሳይ መናወጥ በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 ደርሷል። በአማካይ 22 ዓመት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ እስከ 1993 መጀመሪያ ይደርሳል ተብሎ በይፋ ተነገረ፤ መንደሪቱም ዙሪያዋን በመሣሪያ ተሞላች። 1993 አለፈ፤ ምንም የለም። የተጠበቀው የመጣው መስከረም 28 ቀን 2004 ነው፤ 11 ዓመት ዘግይቶ፣ ያን ሁሉ መሣሪያ አንዳች ምልክት ሳያሳይ። ቦታውንና መጠኑን በትክክል ተናገሩ፤ ጊዜውን ግን ሳቱ።

በቱርክ የሆነውም ይህን ያስረዳል። በሰሜን ቱርክ ከ1939 ጀምሮ ታላላቅ መናወጦች እንደ ደረጃ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተከታተሉ ሄዱ። ሮስ ስታይን፣ አይኩት ባርካና ጄምስ ዲትሪች የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ተከትለው በ1997 ባሳተሙት ጥናት በኢዝሚት ከተማ አካባቢ በ30 ዓመት ውስጥ ትልቅ መናወጥ የመድረሱ ዕድል 12 በመቶ ነው አሉ። ነሐሴ 17 ቀን 1999 ደረሰ፤ ከ17,000 በላይ ሰውም አለቀ። እነሆ፣ ከተሳኩት ትንበያዎች ሁሉ የሚመሰገነው እንኳ «በ30 ዓመት ውስጥ» ብሎ ነው የተናገረው። እንዲህ ያለው ትንበያ ለሚሰማው ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ቤትን አጽንቶ ለመሥራት ነው እንጂ በሌሊት ለመሮጥ አይደለም።

በቻይናም የካቲት 4 ቀን 1975 በሃይቼንግ ከተማ ትንንሽ መናወጦች እየበዙ ስለመጡ ባለሥልጣናቱ ሕዝቡን ከቤት አስወጡ፤ በዚያው ዕለት ትልቁ ደረሰ፤ ብዙ ሕዝብም ዳነ። ዓለም ሁሉ «ምስጢሩ ተገኘ» አለ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1976 ግን በታንግሻን ከተማ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሌሊት ደርሶ በመንግሥት ቆጠራ ብቻ 242,000 ሰው ሞተ። አንዱ መናወጥ ትንንሾቹን አስቀድሞ ይልካል፤ ሌላው አይልክም። ትንንሾቹ ታይተውም ትልቁ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን የመጨረሻውን በሳዑዲም በኢትዮጵያም አይተነዋል። በ2009 ከጅዳ በስተ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአል ዒስ አካባቢ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከ30,000 በላይ መናወጦች ተቆጠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግንቦት 19 ቀን የሆነው ሲሆን በመለኪያው 5.4 ነበር። ምድር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀች፤ ከሥር ቅልጥ ዐለት እየወጣ ነበርና። ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ጅዳ የሆነው የሳዑዲ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይከታተል ነበር፤ 40,000 ያህል ሰውም ከአካባቢው ተነሣ። በመጨረሻ እሳቱ ሳይፈነዳ ቀረ፤ ሰዎቹም ተመለሱ። ማንሣታቸው ስሕተት አልነበረም፤ ጥንቃቄ ነበር። ባለሙያዎቹም «በዚህ ሰዓት ይፈነዳል» አላሉም፤ «አደጋው ከፍ ብሏል» ነው ያሉት።

በአገራችንም ከመስከረም 2024 (ከ2017 ዓ.ም. መባቻ) ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ለወራት ምድር ተናወጠች፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ በመለኪያው ወደ 6 ተጠጉ። በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሡ፤ አዲስ አበባም ሳትቀር በሌሊት ተነቃነቀች፤ በፎቅ ቤት ያሉት ወደ ሜዳ ወጡ። ያኔ በስደት ያለነው ሁሉ ስልክ ላይ ነበርን። ምድር በተናወጠች ቁጥር ወሬውም አብሮ ይናወጥ ነበር።

መልእክቱን በምን ትመዝኚዋለሽ?

እውነተኛ ትንበያ ሦስት ነገር ለይቶ መናገር አለበት፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል። ከሦስቱ አንዱን ደብቆ ሁለቱን የሚናገር ሁሉ ሊያታልልሽ ይችላል። የካቲት 6 ቀን 2023 በቱርክና በሶርያ ከ50,000 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ከሦስት ቀን በፊት አንድ ሆላንዳዊ በዚያ አካባቢ መናወጥ እንደሚመጣ ጽፎ ነበር ተብሎ ወሬው ዓለምን ሞላ። ቤሩት ያላችሁ እህቶች ታስታውሱታላችሁ። ሰውየው የጻፈው ግን «ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል» የሚል ነበር። ቱርክ ላይ ይዋል ይደር እንጂ መናወጥ እንደሚመጣ መዝገቡን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። «ይዋል ይደር እንጂ ዝናብ ይዘንባል» ማለት የዝናቡን ቀን ማወቅ አይደለም።

ቅዱስ መጽሐፍም መመዘኛ ሰጥቶናል። በዘዳግም ምዕራፍ 18 በስመ እግዚአብሔር ተናግሮ ቃሉ ሳይፈጸም የቀረ ሰው በድፍረት የተናገረ ነውና እንዳንፈራው ታዘናል። ስንት ሌሊት ተቀጥሮ ስንቱ ያለ ነገር ነጋ? እነዚያን መልእክቶች የላኩትስ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ጠይቀዋል? ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 የምድር መናወጥ በልዩ ልዩ ስፍራ እንደሚሆን ሲናገር እንዳንደነግጥ አብሮ አዟል፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ለማንም አልሰጠም። እርሱ ያልሰጠውን ቀን ከቲክቶክ አንቀበል።

በተለይ ከዚህ ተጠንቀቂ፤ «ቤተሰብሽን ከሚመጣው መናወጥ የሚያድን ጸሎት አደርግልሻለሁ፣ ይህን ያህል ሪያል ላኪ» የሚልሽ ካለ፣ በላብሽ ያገኘሽውን ሊበላ የመጣ ነው። ጸሎት አይሸጥም።

አንቺ ምን ማድረግ ትችያለሽ?

ቀኑ ካልታወቀ የሚቀረን በየቀኑ ተዘጋጅቶ መኖር ነው። ዮሴፍ በባዕድ አገር አገልጋይ ሆኖ ሳለ ክፉ ዘመን እንደሚመጣ ሲያውቅ እህል አከማቸ እንጂ ሕዝቡን አላስደነገጠም። ለአንቺም የሚሆነውን እንደሚከተለው አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ የምትተኚበትን ቦታ ተመልከቺ። ብዙዎቻችሁ የምትተኙት ሻንጣና ካርቶን በተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። ከራስሽ በላይ ከባድ ነገር አይኑር፤ መስተዋትና ቁም ሳጥን ወደ ፍራሽሽ እንዳይወድቅ አድርጊ። ጫማሽን ከአጠገብሽ አኑሪ፤ መስታወት ሲሰበር ባዶ እግር አያስኬድምና።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁልፉ ተነጋገሪ። ለራስሽ ብለሽ ከጠየቅሽ ልትጠረጠሪ ትችያለሽ፤ ስለዚህ በልጆቹ በኩል ጠይቂ። «ማዳም፣ እናንተ በሌላችሁበት እሳት ቢነሣ ወይም ምድር ቢናወጥ ልጆቹን ይዤ በየት ልውጣ? ቁልፉስ የት ይሁን?» በይ። እናት የሆነች ሴት ይህን ጥያቄ ሰምታ ዝም ለማለት ይከብዳታል።

ሦስተኛ፣ የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ለምታምኚው ዘመድ ላኪ። የምትኖሪበትን ሰፈርና የሕንፃውን ስም ቢያንስ አንዲት እህት ትወቀው።

አራተኛ፣ ምድር ስትናወጥ አትሩጪ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እየተናወጠ ሲሮጥ ነው። በረንዳ ላይ አትውጪ፤ ደረጃ ላይ አትሁኚ፤ ሊፍት አትግቢ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ ራስሽንና አንገትሽን ሸፍነሽ እግሩን ያዢ። አልጋ ላይ ከሆንሽ በዚያው ቆይተሽ ራስሽን በትራስ ሸፍኚ። ወጥ ቤት ካለሽ፣ እጅሽ የሚደርስ ከሆነ እሳቱን አጥፊና ከምድጃውና ከትኩሱ ዘይት ራቂ። የምታስታምሚያቸው አረጋዊት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከሆኑ ጎማውን ቆልፊና ራሳቸውን ሸፍኚላቸው። በመካ እንዳሉት ባሉ ረጃጅም ፎቆች የምትሠሪ ከሆነ፣ ፎቁ ከሩቅ በመጣ መናወጥ እንኳ በዝግታ ሊወዛወዝ እንደሚችል እወቂ፤ ተወዛወዘ ማለት ይወድቃል ማለት አይደለም።

አምስተኛ፣ ሲያቆም ጋዙን ዝጊ፤ ልጆቹን ይዘሽ በደረጃ ውረጂ፤ ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቂ። በጅዳና በመካ ለእርዳታ 911 ይደወላል። ከትልቅ መናወጥ በኋላ ትንንሾቹ ይከተላሉ። ጃፓናዊው ሊቅ ኦሞሪ በ1894 እንዳሳየው ቁጥራቸው በየቀኑ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያው ቀን 100 ቢሆኑ በአሥረኛው ቀን ወደ 10 ይወርዳሉ። ያለፈውን አይቶ የወደፊቱን መናገር በደንብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ ሲመጡ ይጠበቃሉና አትደንግጪ፤ ወደ ተሰነጠቀ ቤት ግን አትመለሺ።

በመጨረሻም እህቴ ሆይ፣ አንድ አደራ አለኝ። ቀንና ሰዓት የቆረጠ መልእክት ሲደርስሽ ከአንቺ አይለፍ። ለእናትሽ መደወል ካማረሽ ደውዪ፤ ነገር ግን አልጋዋ ከግድግዳው መደርደሪያ ሥር እንዳይሆን፣ ማሰሮና ሙቀጫ ከራሷ በላይ እንዳይቀመጥ ንገሪያት። ያ ምክር ዛሬም፣ ከ10 ዓመት በኋላም ይጠቅማታል። ከዚያ ጸሎትሽን አድርሰሽ ተኚ፤ ነገ የሚጠብቅሽ ሥራ አለና።

የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር ያለሽበትን ምድርም፣ የተወለድሽበትንም ምድር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።